«ኤፍ ተጫንኩለት» ወይስ «ኤፍ በሉለት»?

ጥያቄ፦ ጌም ስንጫወት አንዱ ከተሸነፈ ወይም ስልኩ ከተሰበረ ሌሎቹ «ኤፍ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፉለታል። ነገሩን በአማርኛ ስናወራው አንዱ «ኤፍ ጫንኩለት»፣ ሌላው «ተጫንኩለት»፣ ሦስተኛው «ኤፍ በሉለት» ይላል። ትክክሉ የቱ ነው? ዋናው የእንግሊዝኛ ሐረግስ፣ «ፕሬስ ኤፍ ቱ ፔይ ሪስፔክትስ»፣ እንዴት ይተርጎም?

መልስ፦ «ጫንኩለት» የሚለውን ከወዲሁ እናስወጣው። ጌም እንጭናለን፤ ቁልፍ እንጫናለን። «ኤፍ ጫንኩለት» ያለ ሰው ለወዳጁ ፕሮግራም አስገባለት እንጂ አላዘነለትም።

ሐረጉ የመጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ከወጣው «ኮል ኦፍ ዱቲ፦ አድቫንስድ ዋርፌር» ከተባለ የጦርነት ጌም ነው። ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው ወታደር፣ ጃክ ሚቸል፣ በውጊያ የሞተው ጓደኛው ቀብር ላይ ይገኛል። ሬሳ ሣጥኑ ዘንድ ሲደርስ «ክብር ለመስጠት ኤፍን ተጫን» የሚል ትእዛዝ ይወጣል፤ ሲጫኑት ወታደሩ እጁን ሣጥኑ ላይ ያሳርፋል። ኤፍ የተመረጠችው ለሐዘን የተለየች ሆና አይደለም። በኮምፒውተር የሚጫወት ሰው ግራ እጁ ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስና ዲ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ከዲ አጠገብ ያለችው ኤፍ ለጠቋሚ ጣት ትቀርባለች፤ በብዙ ጌሞች በር የሚከፈተውም ዕቃ የሚነሣውም በእሷ ነው። ሰው የሳቀው ሐዘን በበር መክፈቻ ቁልፍ በመገለጹ ነው።

ወደ ግሡ ልመለስ። «ጫነ» የግእዙ «ጸዐነ» ነው። መካከል ላይ ያለው «ዐ» ሲወድቅ ፊተኛውን ፊደል ራብዕ ያደርገዋል፤ «ሠዐለ» «ሣለ» እንደሆነ ሁሉ። «ጸ»ም ወደ «ጨ» ይሄዳል፤ «ጽልመት» እና «ጨለማ»ን ያስተያዩ። «ተጽዕኖ» የምንለው ቃልም ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው፤ በግእዝ «ተጽዕነ» መጫንም በእንስሳ ጀርባ መቀመጥም ነበር። እንግዲህ «ተጫነ» ክብደት ያለው ግሥ ነው፦ እንቅልፍ ይጫነናል፣ ሐሳብ ይጫነናል። ለሐዘን ቁልፍ ከዚህ የተሻለ ግሥ ከየት ይመጣል? «-ለት»ን ግን አይልቀቁ፤ «ኤፍ ተጫነበት» ካሉ ሸክም አከሉበት።

ትርጉሙን በተመለከተ «ነፍስ ይማር ለማለት ኤፍን ይጫኑ» እንበል የሚል ወገን አለ። አልስማማም። «ነፍስ ይማር» የአፍ ጸሎት ነው፤ ቀልዱ ግን አካል ይዞ የሚኬድበት ማኅበራዊ ግዴታ በአንድ ጣት ማለቁ ላይ ነው። «ፔይ»ን ቃል በቃል ወስዶ «ክብር ለመክፈል» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው፤ በአማርኛ ግብር ይከፈላል፣ ዕዳ ይከፈላል፣ ክብር ግን ይሰጣል። እኔ «ለቅሶ ለመድረስ ኤፍን ይጫኑ» እላለሁ። «ይጫኑ» በአንቱታ የሆነው «ለአማርኛ አንድን ይጫኑ» የሚለውን የስልክ ድምፅ እንዲያስታውስ ነው፤ ደረቅ የመሣሪያ ቋንቋ ካልሆነ አያስቅም።

ከጌም የወጣ ሚም (በኢንተርኔት የሚዛመት ቀልድ) ሁሉ እንዲህ በተቃና አማርኛ ይሻሻላል ማለት ግን አይደለም። የጃፓኑ ጌም «ዜሮ ዊንግ» ሜጋ ድራይቭ ለተባለው የጌም ማጫወቻ በወጣው የአውሮፓ ቅጂ ላይ ያሰፈረው «ኦል ዩር ቤዝ አር ቢሎንግ ቱ አስ» የታወቀው በተሰበረ እንግሊዝኛው ነው። እሱን የሚተረጉም ሰው ሁለት ግሥ ደራርቦ «የጦር ሰፈራችሁ ሁሉ የእኛ ናቸው ነው» ማለት አለበት፤ ካቃናው ገደለው።

«ኤፍ በሉለት» የሚለውን አልወደውም። ለጆሮ ሻማ ከሚጠፋበት «እፍ በሉ» እምብዛም አይርቅም። ይሁንና ሰዋስዉ አያስከስሰውም፦ «ዝም አለ»፣ «ቁጭ አለ»፣ «እፍ አለ» እንደምንለው አማርኛ አጭር ድምፅ ሲያገኝ «አለ»ን ይቀጥልበታል። ደግሞም በቻት ላይ የሚሆነውን ካየን «ተጫነ» ብቻውን አይበቃም፤ ኤፍ ተጽፋ በሌላ ቁልፍ ትላካለች። ወጣቶቹ «በሉለት» ካሉ ይበሉ፤ እኔ ስጽፍ «ተጫንሁለት» እላለሁ፣ በ«ሁ»።

አንድ የተግባር ነገር፦ በላቲን ድምፅ የሚሠራ የግእዝ ኪቦርድ ሳያጠፉ ኤፍን ከተጫኑ የሚወጣው ሳድሱ «ፍ» ነው። ሐዘንተኛው ያልተጨረሰ ቃል መስሎት ቀሪውን እንዳይጠብቅ ከመላክዎ በፊት ኪቦርዱን ይቀይሩ፣ ወይም «ኤፍ» ብለው በሁለት ፊደል ይጻፉ።