ዊንዶውስ 10 ባለበት ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ላስጭን ወይ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በሐዋሳ ከተማ ታቦር ክፍለ ከተማ የምኖር የአማርኛ መምህርት ነኝ። ቤታችን ያለው ላፕቶፕ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ያለው ዴል ሲሆን፣ የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ነው። አንድ የጥገና ባለሙያ «የዊንዶውስ 10 ዘመን አብቅቷል፤ ሊኑክስ ይጫንልሽ» ብሎኛል። ሆኖም የስምንት ዓመት የፈተና ወረቀቶቼ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ናቸው፤ ባለቤቴም የሱቁን ሒሳብ በፒችትሪ ይይዛል። ብንለውጥ እነዚህ ምን ይሆናሉ?

መልስ፦ ባለሙያው የነገረዎት እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ላፕቶፕዎ ከዚያ በኋላም እንደ ወትሮው ይነሣል፤ ነገር ግን አዲስ ለሚገኙ የደኅንነት ክፍተቶች መጠገኛ በመደበኛነት አይላክለትም። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ስለሆነ፣ ወደዚያ መሻገርም አይችሉም። ስለዚህ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን በነጻ የሚገኝ ሥርዓት፣ ሊኑክስን፣ ማሰብዎ ተገቢ ነው፤ ዊንዶውስን ጨርሶ ማስጠፋቱን ግን አልመክርም።

የሒሳብ መያዣ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ ዋይን የሚባል መሣሪያ ቢኖርም፣ የሱቅ ሒሳብ በአደራ የሚሰጠው አይደለም። ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ዲስክ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና ባለቤትዎ ለሒሳቡ ዊንዶውስን፣ እርስዎ ለሌላው ሥራ ሊኑክስን ከማስነሻው ዝርዝር እየመረጡ ይጠቀሙ፤ በዊንዶውሱ በኩል ኢንተርኔት አለመክፈት ነው።

የፈተና ወረቀቶችዎ ጉዳይ ግን ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ደረጃ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ በሁለቱም መንገድ፣ በዩኒኮድም በአሮጌው ስልትም፣ ስለሚጽፍ፣ ወረቀትዎ የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም። መለያው ቀላል ነው፤ አንዱን ፈተና በወርድ ይክፈቱ፣ ጽሑፉን በሙሉ ይምረጡና ፎንቱን ኢብሪማ ወደሚባለው ይቀይሩት። ፊደሉ ፊደል ሆኖ ከቀጠለ ዩኒኮድ ነው፤ ሊኑክስ ላይ በወርድ ፈንታ የሚያገለግለው ሊብሬ ኦፊስ ያለ ችግር ያነበዋል። «ምንባቡን አንብበህ መልስ ስጥ» የሚለው መመሪያ ወደ ላቲን ፊደልና ወደ ነጠላ ምልክቶች ድብልቅልቅ ከተለወጠ ግን በአሮጌው ስልት የተጻፈ ነው። እንዲህ ያለውን ፎንቱን ሳይቀይሩ፣ ገና ዊንዶውስ ላይ እያሉ በፒዲኤፍ ያስቀምጡ፤ ደጋግመው የሚያስተካክሉትን ደግሞ ወደ ዩኒኮድ ያስለውጡ። ሁሉንም በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ሳይገለብጡ ማንም ሰው ላፕቶፑን እንዳይነካው።

አማርኛ መጻፉ ራሱ ሊኑክስ ላይ አያስቸግርም። አይባስ ከሚባለው የመጻፊያ መሣሪያ ጋር የሚጫነው የአማርኛ ሰሌዳ የፊደሉን ድምፅ በላቲን ቁልፎች በመጻፍ የሚሠራ ስለሆነ፣ ሰላም የሚለውን ለመጻፍ የላቲኖቹን ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም በተርታ መጫን ይበቃል። እንደ ሠ እና ፀ ያሉት ሞክሼዎች ግን ጣትዎ በለመደው ቁልፍ ላይ ላይገኙ ይችላሉ፤ ለአማርኛ መምህርት ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ እረዳለሁ።

ለእርስዎ ማሽን የምመርጠው ሊኑክስ ሚንትን፣ ያውም ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ዓይነቱን ነው፤ 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ ጥሩ መስመር ካለበት ቦታ ያውርዱትና ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ያስጽፉት፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ከዚያም ላፕቶፑን ሲያስነሡ ኤፍ 12 የሚለውን ቁልፍ እየደጋገሙ ይጫኑና ፍላሹን ይምረጡ። ሚንት ከፍላሹ ላይ፣ ዲስክዎን ሳይነካ ይነሣል። በዚሁ ሁኔታ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ፕሪንተሩን ይሞክሩ፤ አንድ ፈተናም ከፍተው ሠንጠረዡ ቦታውን እንደያዘ ይዩ።

ከወደዱት፣ ባለሙያው በሚጭንበት ጊዜ አጠገቡ ይቀመጡ። ጫኙ ፕሮግራም ከዊንዶውስ ጎን ልጫን ወይስ ዲስኩን ልጥረግ ብሎ የሚጠይቅበት ገጽ አለ፤ ሁለተኛው ከተመረጠ ፒችትሪውም ፈተናውም አብረው ይሄዳሉ። እኔ የራሴን ስጭን ያጋጠመኝ ሌላ ነው፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ጭነቱ ተጋምሶ ሳለ መብራት ሄደና ዊንዶውሱም ሊኑክሱም የማይነሣ ማሽን ታቅፌ አደርሁ። የእርስዎ ባትሪ ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይዝ ከሆነ፣ ጭነቱን ጄኔሬተር ካለው የባለሙያው ሱቅ ያድርጉት።