ከደሴቱ መቼ ልሻገር?

ጥያቄ፦ የምኖረው በጣና ደቅ ደሴት ነው። የመጀመሪያ ልጄን ፀንሼ ወደ ዘጠነኛው ወር ገብቻለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምጥ ሳይጀምረኝ ወደ ባሕር ዳር ተሻግሬ በእናቶች ማቆያ እንድሰነብት ትመክረኛለች። አማቴ ግን «ሰባት ልጅ የወለድኩት እዚሁ ነው፤ ምጡ ከጠናብሽ ያኔ በጀልባ ትሄጃለሽ» ይላሉ። እኔም ለብቻዬ አልጋ ላይ አጋድመው የሚተዉኝ እየመሰለኝ እፈራለሁ። ሰሞኑን ቀለበቴ አልወልቅ ብሎኛል፤ ራሴንም ያመኛል፤ የእርግዝና ነገር ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

መልስ፦ በመጨረሻ እንደ ዋዛ ካነሱት ልጀምር። በእርግዝና ማብቂያ የእግር እብጠት የተለመደ ነው፤ ጣትና ፊት አብጦ ራስ ምታት ሲጨመርበት ግን ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል፣ ሳያድሩ ግፊትዎን ይለኩ፤ ሽንትዎም ለፕሮቲን ይመርመር። ልኬቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ዐይንዎ ብዥ ካለ ወይም ከደረትዎ ሥር ካመመዎት ወደ ሆስፒታል የሚሻገሩት በዚያው ዕለት ነው፤ ግፊቱ ደህና ሆኖም ራስ ምታቱ አልለቅ ካለ እንደዚሁ። ሕመሙ ሲብስ እናትን ያንቀጠቅጣል። መንቀጥቀጡን የሚከላከለው ማግኒዚየም ሰልፌት በባለሙያ ክትትል በመርፌ የሚሰጥ እንጂ ወደ ቤት የሚላክ መድኃኒት አይደለም።

የአማትዎ ሰባት ልጆች በሰላም መወለዳቸው ደስ ያሰኛል፤ የእርስዎን ምጥ ግን አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችል የለም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሕይወት ያጠፋል፤ ሌሊት ወይም ማዕበል በተነሣበት ሰዓት ደግሞ ታንኳም ሆነ ሞተር ጀልባ አይታመንም። የሠራተኛዋ ምክር ትክክል ነው። በመንግሥት ጤና ተቋም የወሊድ አገልግሎት በነፃ ስለሆነ የሚያሳስብዎ የጀልባውና የስንቁ ወጪ ብቻ ይሆናል።

ለብቻዬ ይተዉኛል ስላሉት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ምጥ የያዛት ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። ክፍሉ ጠባብ ነው እየተባለ ቤተሰብ በር ላይ የሚቀርበት ቦታ መኖሩን አልክድም፤ በእኔ እምነት ግን ይህ ልክ አይደለም፤ ስለዚህ በማቆያው ሳሉ አስቀድመው ይጠይቁ። አዋላጇ እጇን በሆድዎ ላይ አሳርፋ፣ ዐይኗን ከሰዓቷ ሳትነቅል፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ምጡ ስንት ጊዜ እንደመጣ ትቆጥራለች። የፅንሱን ልብ ቢያንስ በየ30 ደቂቃው ታዳምጣለች፤ ጤናማው ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው፤ መግፋት ሲጀምሩ ግን በየ5 ደቂቃው ይሆናል። ግፊትዎንና የማሕፀን በርዎን በየ4 ሰዓቱ እያየች የምጡ ሂደት በሚከታተሉበት ቅጽ (ፓርቶግራፍ) ላይ ትመዘግባለች። ችግር እስከሌለ ድረስ መራመድ፣ በጎን መተኛት፣ መንበርከክ፣ ውኃና አጥሚት መጠጣት ይችላሉ፤ «ማርያም ማርያም» ቢባልልዎትም የሚከለክል የለም። የማሕፀን በር 10 ሴንቲ ሜትር ሳይከፈት ግን «ግፊ» የሚልዎትን አይስሙ። ልጁ እንደተወለደ ጭንዎ ላይ የሚወጉት 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ደም እንዳይፈስ ለመከላከል ነው።

እስከዚያው የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ደም ከታየ ወይም የሽርት ውኃ ከፈሰሰ፣ በተለይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ምጥ ባይኖርም ይሂዱ። አማትዎንም ይዘው ይሻገሩ፤ በማቆያው አብሮዎት የሚያድር ሰው ያስፈልጋል፤ ገንፎውንም ቢሆን ሰባት ጊዜ የታረሱ ሴት ያውቁበታል።