ከካታሎግ ክፍል የመጡ ጥያቄዎች፦ አንድ ደራሲ በሦስት ስም

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የተጻፉት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የካታሎግና የፕሮሰሲንግ ቡድን መሪዎች ነው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስለ አለቆቻቸው የጻፉልኝንም፣ ደስ ብሎኝ ባነበውም፣ ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ የቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም በየትኛው ገጽ ላይ ይመታ? በቡድናችን ሁለት ቀን ተከራክረንበት አልተስማማንም።

መልስ፦ በርእስ ገጹ ጀርባና እናንተ በምትመርጡት አንድ ቋሚ የውስጥ ገጽ ላይ፤ በሥዕልና በጽሑፍ ላይ ግን በፍጹም አይመታም። ሁለት ቀን ይበዛል።

ጥያቄ፦ ከአንድ የክልል ከተማ የጻፉልን የቡድን መሪ ከተሾሙ ሦስት ወራቸው ነው፤ አራት ሠራተኞች አሏቸው። አንድ ተማሪ መጥቶ የሐዲስ ዓለማየሁን ሥራዎች ሲጠይቅ ኮምፒውተሩ ሁለት ቅጂ ብቻ አሳየ። በማግስቱ እርሳቸው ራሳቸው መደርደሪያው ላይ ሌሎች አምስት ቅጂዎች አገኙ። ነገሩን ሲያጣሩ ደራሲው በአንድ ቦታ «ሐዲስ ዓለማየሁ»፣ በሌላ ቦታ «ሀዲስ አለማየሁ»፣ በሦስተኛው ደግሞ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ተብለው ተመዝግበዋል። ጥፋተኛውን ሠራተኛ በጽሑፍ ላስጠንቅቀው ወይ ይላሉ።

መልስ፦ ማንንም አያስጠንቅቁ፤ ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለምና። ይልቅ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይህን ስም አብረውኝ ይቁጠሩት። የመጀመሪያው ፊደል በዛሬው አነባበብ ድምፁ ሳይለወጥ በስድስት መልክ ሊጻፍ ይችላል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። «ስ» ሁለት መልክ አላት፣ «ዓ» አራት፣ መጨረሻ ያለችው «ሁ» ደግሞ ሦስት። ስድስት በሁለት፣ በአራትና በሦስት ሲባዛ 144 ይሆናል። ለአንባቢ ጆሮ አንድ የሆነው ስም ለኮምፒውተሩ 144 የተለያዩ ሰዎች ነው ማለት ነው፤ አራት ሠራተኞች ከእነዚህ ሁለቱን ብቻ መጠቀማቸው እንዲያውም ቁጥብነታቸውን ያሳያል።

ሦስተኛው አጻጻፍ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ከውጭ የተገኙ የሥራ መመሪያዎችና የኮምፒውተር ቅጾች የቤተሰብ ስም መጀመሪያ፣ የራስ ስም ቀጥሎ እንዲጻፍ ስለሚጠይቁ፣ ታዛዡ ሠራተኛ የአባትን ስም አስቀድሞ ነጠላ ሰረዝ ያደርግበታል። የእኛ የአባት ስም ግን የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ልጁን በአባቱ ስም መመዝገብ የጎረቤትን ፖስታ ለሌላ ቤት እንደ ማደል ነው። በኢትዮጵያ ልማድ የሚጠራ ደራሲ በራሱ ስም ይጀምራል፣ የአባቱ ስም ያለ ነጠላ ሰረዝ ይከተላል። በማርክ ቅጽ (ኮምፒውተር በሚያነበው የካታሎግ መዝገብ ቅርጽ) የምትሠሩ ከሆነ፣ የደራሲው ስም በሚገባበት በ100ኛው መስክ የመጀመሪያው አመልካች 1 (የቤተሰብ ስም) ሳይሆን 0 (የራስ ስም) መሆን አለበት፤ ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚሳሳቱት እዚህች ላይ ነው፤ ሠራተኛው ስሙን በትክክል ጽፎ አመልካቹን እንደ ነበረ ይተወዋል። ውጭ አገር የሚኖሩና በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ኢትዮጵያውያን ብዙውን ጊዜ በአባት ስማቸው ስለሚታወቁ ለእነርሱ የተለየ ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ውሳኔው ግን ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። ማዕረግም እንዲሁ ነው፦ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን በ«ብ» የሚፈልግ አንባቢ ጥቂት ነው፤ በ«ኅሩይ» ይጀመርና ማዕረጉ ከኋላ ይግባ። «ገብረ መድኅን» ተለያይቶ ይጻፍ ወይስ ተገጥሞ የሚለውንም ከዚሁ ጋር ወስኑ።

መፍትሔው ቋሚ የስም መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ደራሲ አንድ የተመረጠ አጻጻፍ ይኖራል፤ መነሻው ደራሲው በራሱ መጻሕፍት የርእስ ገጽ ላይ የተጠቀመበት ነው። የርእስ ገጾቹ እርስ በርስ ከተለያዩ፣ ለምሳሌ ጸጋዬ ገብረ መድኅን አንድ ጊዜ በ«ጸ» ሌላ ጊዜ በ«ፀ» እንደ ታተሙት፣ አንዱን መርጣችሁ ከሌላው ወደ እርሱ «ተመልከት» የሚል ማመልከቻ ታደርጋላችሁ። ሞክሼ ፊደላትን ከመዝገቡ ጠራርጎ ሁሉን በ«ሀ»ና በ«አ» መጻፍ ሥራ የሚያቀል ይመስላል፤ ነገር ግን የሰውን ስም ባለቤቱ ከጻፈው መልክ ወደ ሌላ መለወጥ ለካታሎግ ሠራተኛ የተሰጠ ሥልጣን አይደለም። ማመሳሰሉ ለአንባቢ በማይታየው በፍለጋ ማውጫው ውስጥ ይደረግ። ኮሃ የተባለውን የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ሐንና ኀን ከሀ፣ ሠን ከሰ፣ ዐን ከአ፣ ፀን ከጸ ጋር አንድ አድርጎ የሚፈልግ ደንብ ማስገባት ይቻላል። ይህን የሲስተም ባለሙያችሁ ይሥራው፤ የቡድን መሪ በማውጫ ፋይሎች ውስጥ ገብቶ ባይነካካ ይሻላል።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ፣ ደብዳቤዎ ውስጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበርና። «ለሠራተኞቹ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ» ይላሉ። በቃል የተነገረ ውሳኔ በዚያ ጠዋት ቢሮ ለነበሩት ብቻ ነው የሚሠራው። በፊት በሠራሁበት አንድ ቤተ መጻሕፍት ሁሉንም ውሳኔ በጭንቅላታቸው የያዙ አንድ አንጋፋ ባልደረባ ነበሩ፤ ጥያቄ ሲነሣ ቀና ብለው ይመልሱልን ነበር፣ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ጡረታ ሲወጡ ውሳኔዎቹም አብረዋቸው ወጡ፤ እኛም ከዓመት በላይ የገዛ ካርዶቻችንን እያነበብን «ለምን እንዲህ አደረጉ?» ስንል ቆየን። ስለዚህ አንድ ደብተር ይክፈቱ። ቀኑን፣ ችግሩን፣ የተወሰነውንና ምክንያቱን በሁለት መስመር ይጻፉበት፤ ምክንያቱን አይዝለሉ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ውሳኔውን ለመለወጥ የሚያስብ ሰው የሚፈልገው እርሱን ነውና። አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት ካታሎግ ሳይሠራ ደብተሩን ያንብብ። እርስዎም ከደብተሩ ጋር የሚጋጭ ትእዛዝ በቃል አይስጡ፤ ሐሳብዎን ከለወጡ በደብተሩ ላይ ይለውጡ።

ጥያቄ፦ በርእስ ገጹ ላይ «1958 ዓ.ም.» የሚል መጽሐፍ አንዱ ሠራተኛ 1965፣ ሌላው 1966 ብሎ መዝግቦታል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ መጽሐፉ። ያለውን 1958 እንዳለ ጻፉና በቅንፍ «1965 ወይም 1966» ጨምሩበት። የእኛ ዓመት የሚገባው በመስከረም፣ የፈረንጆቹ ደግሞ የሚለወጠው በታኅሣሥ 22 ወይም 23 ስለሆነ፣ ልዩነቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ኅትመቱ ያለቀበት ወር ከተጻፈ አንዱን መምረጥ ይቻላል፤ ካልተጻፈ አይገመትም። አሳሳቹ ምንም ምልክት የሌለበት፣ በተለይም ውጭ አገር የታተመ መጽሐፍ ነው። «2000» ብቻ የሚል ሲያጋጥማችሁ የርእስ ገጹን ጀርባ ገልጣችሁ አይ.ኤስ.ቢ.ኤኑን (የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ቁጠሩ፤ ባለ 13 አሐዝ ቁጥር ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጥር 2007 ጀምሮ ስለሆነ፣ 13 አሐዝ ካለው «2000» የተባለው የእኛው ሚሌኒየም መሆኑ ግልጽ ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የተጻፉትን ሁሉ 963 ላይ ብናስቀምጣቸው አንባቢ በቀላሉ አያገኛቸውም?

መልስ፦ ያገኛቸዋል፣ ሌላ ምንም ነገር ግን አያገኝም። 963 መጻሕፍትን በርእሰ ጉዳያቸው በቁጥር በሚለየው በዲዊ ምደባ የኢትዮጵያና የኤርትራ ታሪክ ቁጥር ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ 892.873፣ ግጥም 892.871፣ የአማርኛ ቋንቋ 492.87 ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ የንብ ማነብ መጽሐፍ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጎን 638 ላይ ይቀመጣል። ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ሥርዓቱን ሲያወጣ ስለ እኛ መደርደሪያ የተጨነቀ አይመስልም፤ ቢሆንም ለአማርኛ መጻሕፍት የተለየ መደርደሪያ ከፈለጋችሁ ከቁጥሩ በላይ «አማ» የሚል ምልክት በመለያው ላይ ጨምሩና ቁጥሩን እንዳለ ተዉት።

ጥያቄ፦ ኃላፊዬ በውጤት ተኮር ምዘናው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ «በቀን 30 መጽሐፍ» የሚል ግብ አስቀምጠዋል። ውዝፉ ግን እየጨመረ፣ ስሕተቱም እየበዛ ነው። እያንዳንዱን ሥራ እኔ ካላረምኩ አይወጣም፤ እኔም ቤቴ የምገባው ሲመሽ ነው።

መልስ፦ ሠላሳው ምን ሠላሳ እንደሆነ ኃላፊዎን ይጠይቋቸው። ሠላሳ ቅጂ የመማሪያ መጽሐፍ በነበረ መዝገብ ላይ መጨመር ከምሳ በፊት ያልቃል፤ የርእስ ገጽ የሌለው፣ ደራሲው ያልታወቀ፣ ዓመቱ የጠፋ አንድ ቡክሌት ግን የግማሽ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሪፖርቱን በሦስት ዓምድ ያቅርቡ፦ ቅጂ የተጨመረበት፣ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ተወስዶ የተስተካከለ፣ ከባዶ የተሠራ። አራተኛ ዓምድ አክለው ታርሞ የተመለሰውን ካሳዩበት ኃላፊዎ የ30ን ዋጋ ያለ ክርክር ይረዱታል። ለሠራተኛው በነጠላ ቁጥር ግብ ስትሰጡት ቀላሉን እየመረጠ ይሠራል፤ ውዝፋችሁም ማንም ያልመረጣቸው መጻሕፍት ክምር ይሆናል።

ሁሉን ማረሙን ያቁሙ። የአዲስ ሠራተኛን ሥራ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁሉንም ይዩ፤ ከዚያ በኋላ ከየአሥሩ አንዱን፣ የደራሲ ስምንና ኮል ነምበርን (የመጽሐፉን የመደርደሪያ ቁጥር) ግን ምንጊዜም። በማስታወሻ ውስጥ የተሳሳተ የገጽ ብዛት ማንንም አይጎዳም፤ በጀርባው ላይ የተሳሳተ ቁጥር ግን መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ እያለ ያጠፋዋል። ስሕተት ሲያገኙ ለባለቤቱ ለብቻው ያሳዩት። ቀይ እስክሪብቶ ይዞ በሰው ፊት የሚያርም የቡድን መሪ ከእርሱ የሚደበቅ ሥራ እንጂ የተሻለ ሥራ አያገኝም። የስጦታ ካርቶኖቹንም ወደ ካታሎግ ከማስገባትዎ በፊት ያጣሩ፤ ዘመኑ ያለፈበት የኮምፒውተር መማሪያ ስጦታ ስለሆነ ብቻ ኮል ነምበር አይገባውም።

ጥያቄ፦ የተቀደደ ገጽ በስኮች ብንለጥፍ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ስኮቹ ከዓመታት በኋላ ይቢጫል፣ ይላቀቃል፣ ሙጫው ግን ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። በስንዴ ስታርች ሙጫና በስስ የጃፓን ወረቀት ጠግኑ፤ እርሱ ከሌለ ሳይጠገን በወረቀት ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የድሮ መጻሕፍት ስናራግፍ አቧራው ያስለኛል።

መልስ፦ ማስክ ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፤ ሳሉ ካልለቀቀዎ ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን አካባቢ በአንድ የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ አንባቢ፣ የአማርኛ መጻሕፍትን መዝገብ ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሲያወርዱ በላቲን ፊደል፣ ነጥብና ጭረት ተደርጎበት እንደሚመጣላቸውና እናታቸው እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ይነግሩናል።

መልስ፦ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በናይሮቢ ቢሮው በኩል የአገራችንን ኅትመቶች ይሰበስባል፤ መዝገቦቹም ጥሩ ስለሆኑ አይጣሉ። የላቲኑን ጽሑፍ ሳይነኩ በሌላ ፊደል የተጻፈው በሚገባበት በማርክ 880ኛው መስክ የግዕዙን ጽሑፍ ከርእስ ገጹ ላይ ገልብጠው ይጨምሩ። ከላቲኑ ተነሥተው ግን በግምት ወደ ፊደል አይመልሱት፤ መጽሐፉ እጅዎ ላይ ነው። እናትዎንም አራሚ ያድርጓቸው፤ ከአንዳንድ ሶፍትዌር ይሻላሉ።

ጥያቄ፦ በስጦታ ካርቶን ውስጥ በእጅ የተጻፈ ትንሽ የብራና መጽሐፍ አገኘን። ሠራተኛዬ እንደሌሎቹ ማኅተም ልምታበት፣ በፕላስቲክም ልሸፍነው ይላል።

መልስ፦ ይህን እያነበቡ ሳለ ያስቁሙት። ማኅተም አይመታበት፣ ባርኮድ አይለጠፍበት፣ ቁጥር አይጻፍበት፤ በፕላስቲክ አይታሸግ፣ በእርጥብ ጨርቅ አይጠረግ፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣ። ብራና ቆዳ ነው፦ ውሃና ሙቀት ያኮማትሩታል፣ ከተኮማተረ በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ በፕላስቲክ ሲታፈን ደግሞ ይሻግታል። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ በካርቶን ውስጥ አጋድማችሁ አስቀምጡት፤ የመለያ ቁጥሩን በተለየ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩት።

ከዚያ በኋላ ያለው የእርስዎም የእኔም ሥራ አይደለም። በደብዳቤ ለክልላችሁ የባህል መሥሪያ ቤት ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ፤ በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ያሉ የብራና ባለሙያዎችም ሳያዩት ማንም አይግለጠው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በሚመለከት ግዴታ ይጥላል፤ ካርቶኑን የሰጠው ሰው ከየት እንዳገኘውም መጠየቅ ሊኖርበት ይችላል፤ ያ የቅርብ ዓመታት የዘረፋ ታሪክ ያለው መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ የእናንተ ማኅተም ማስረጃውን ያበላሸዋል። «ለጊዜው በመደርደሪያ ይቀመጥ» የሚል ሐሳብ ከማንም ቢመጣ፣ ከኃላፊዎም ቢሆን፣ እምቢ ይበሉ፤ እምቢታዎንም በጽሑፍ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ጀርባ የሌላቸው ስስ ቡክሌቶች ላይ ኮል ነምበሩ የት ይለጠፍ?

መልስ፦ በፊት ሽፋኑ በታች ግራ ጥግ። ርእሱን እንዳይሸፍን።