ካቻቢቴዎቹን ወደ ሳጥናቸው መልሳቸው፦ የጋራዥ በር ሞላ ስለማስተካከል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጋራዥ በርህ ከብዶሃል፤ ሞተሩም እያቃሰተ ነው የሚያነሳው። ከበሩ በላይ ያለውን ሞላ ራስህ ልታጠብቀው አስበሃል። «ሁለት ትልልቅ ካቻቢቴ አሉኝ፣ ይበቁኛል ወይስ ሌላ ዕቃ ያስፈልገኛል?» ነው ያልከው። መልሱን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አይበቁህም። ካቻቢቴዎቹን ወደ ሳጥናቸው መልሳቸው። ሥራው ግን በቤት የማይሞከር አይደለም። ትክክለኛውን ዕቃ መያዝና የቱ ጋ ማቆም እንዳለብህ ማወቅ ይፈልጋል።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት እንዳንተው በሩ ከበደኝ። በሞላው ጫፍ ባለ ቀዳዳ እየገባ ሞላውን የሚያዞር፣ ከሰው የተዋስኩት አንድ መጠምዘዣ ብረት ነበረኝ። ጥንዱ ስለጠፋ በእሱ ፋንታ ረጅም ካቻቢቴ ያዝኩ። ሦስት ሩብ ዙር በሰላም ሄደ። በአራተኛው ላይ ካቻቢቴው ቀዳዳው ውስጥ ተወላገደና ሾለከ። ሞላው ባንድ ጊዜ ተፈታ። የምጮህበት ጊዜ እንኳ አልነበረም። ካቻቢቴው ሁለት ጣቶቼን ሰብሮ ሄዶ ግድግዳው ላይ ተሰካ። የተሰካበት ቦታ ልክ በፊቴ ቁመት ነበር። ጣቶቹ ድነዋል፤ ብርድ ሲሆን ግን አሁንም ይጠዘጥዙኛል። ከዚያ በኋላ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ቆሜ ከሀ እስከ ፐ ተማርኩ። ዛሬ የራሴንም የዘመድንም በር አስተካክላለሁ። የምነግርህ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ሞላው ምን እንደሆነ ልንገርህ። በሩን የሚያነሳው ሞተሩ ይመስለናል። አይደለም፤ ሞላው ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን በር በአንድ እጅ የሚነሳው ክብደቱን ሞላው ስለሚሸከምልህ ነው። በሩ ሲዘጋ ያ ሁሉ ጉልበት ሞላው ውስጥ ተጠምዝዞ ይቀመጣል። በቁጥር እንየው። 2.13 ሜትር ከፍታ ባለው የተለመደ በር ላይ፣ ካቦው፣ ማለትም በሩን የሚስበው የብረት ገመድ፣ የሚጠቀለልበት ድራም ዙሪያው 32 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሩ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ድራሙ 6.7 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከተከፈተ በኋላም ካቦው እንዳይላላ ትንሽ ውጥረት መቅረት አለበት። ስለዚህ ሞላው በድምሩ 7.5 ዙር ገደማ ይጠመዘዛል። ባለሙያዎች በሩብ ዙር ስለሚቆጥሩ 30 ይሉታል።

አንተ እንግዲህ ይህን 30 ሩብ ዙር በአንድ ብረት ጫፍ ልትይዘው ነው። የሚያታልለው ደግሞ ሲይዙት ያን ያህል አለመክበዱ ነው። ብረቱ ረጅም ስለሆነ ለክንድ ይቀላል። ሲያመልጥ ግን ሁሉም ዙር በአንድ ትንፋሽ ይፈታል።

አሁን ዕቃ ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ሞክር። በሩን ዝጋው። ሞተሩን ከኤሌክትሪክ ንቀል፤ ከዚያ የተንጠለጠለችውን ገመድ ስበህ በሩን ከሞተሩ አላቅቀው። ይህን በሩ ተዘግቶ ሳለ ብቻ አድርገው። ሞላው ተሰብሮ ከሆነና በሩ ክፍት እያለ ካላቀቅከው፣ በሩ በሙሉ ክብደቱ ይወርዳል። ቀጥሎ በሩን በእጅህ እስከ ወገብህ አንሳና ቀስ ብለህ ልቀቀው፤ እጅህን ግን አታርቅ። ባለበት ከቆመ ሞላው ደህና ነው። ከወረደ ሞላው ላልቷል። ብቻውን ወደ ላይ ከሄደ ደግሞ ከልክ በላይ ጠብቋል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሞላው ሆኖ አይገኝም። እኔ ካየኋቸው ከባድ በሮች ስንቶቹ ሮለራቸው ደርቆ፣ ሐዲዳቸው ተጣሞ ወይም ማጠፊያቸው ዝጎ እንደነበር ብነግርህ ይገርምሃል። የእንጨት በር ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። በሩ ላይ የሙቀት መከላከያ ከተለጠፈም ክብደቱ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ በእርግጥ ሞላውም ይመለከተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሮለሩን፣ ማጠፊያውንና ሞላውን ዘይት አጠጣቸውና እንደገና ሞክር። ሞላው ላይ ደግሞ ትኩር ብለህ እይ። ጥምዝምዙ መሃል ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ካለ ሞላው ተሰብሯል። የተሰበረ ሞላ አይጠብቅም፤ ይቀየራል። እሱ ሌላ ሥራ ነው።

ፈተናው «ላልቷል» ካለህ ወደ ዕቃዎቹ እንምጣ።

ዋናው መጠምዘዣ ብረት ነው፤ ሁለት፣ ጥንድ። አንዱ ሲይዝ ሌላው ያዞራል፤ በአንዱ ብቻ መሥራት አይቻልም። ለስላሳ፣ ድቡልቡልና ድፍን ብረት መሆን አለበት። ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ውፍረቱ ላይ ግን ድርድር የለም። በሞላው ጫፍ ላይ ያለው ኮን አራት ቀዳዳ አለው። የአብዛኛው የመኖሪያ ቤት በር ቀዳዳ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። አምስት ስምንተኛ ኢንች የሆነም አለ፤ እሱ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ብረቱ ቀዳዳው ውስጥ እስከ ታች ገብቶ መቀመጥ አለበት፤ መንገዳገድ የለበትም። ቀጭን ብረት ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ተጋድሞ ይይዛል፤ ኃይል ሲበዛበት ይሾልካል። የእኔ ካቻቢቴ ያደረገው ይህንኑ ነው። የካቻቢቴ ዘንግ ይቀጥናል፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፣ እጀታው ደግሞ ፕላስቲክ ነው። የግንባታ ፌሮ ቆርጠው የሚጠቀሙም አይቻለሁ። ፌሮ ሸካራ ነው፤ ልኩም አይገጥምም። እባክህ አትሞክረው።

ሁለተኛው ራሱን የሚቆልፍ ፒንሳ ወይም ሞርሴቶ ነው። ሐዲዱ ላይ፣ ከአንዱ ሮለር በላይ አጥብቀህ ታስረዋለህ። ሞላው ሲጠብቅ በሩ ሳይታሰብ ብድግ ሊል ይችላል፤ አንተ ደግሞ ያኔ መሰላል ላይ ነህ። በግራም በቀኝም ብታስር ይሻላል። ከዚያ ኮኑን ሞላው በተጠመጠመበት ዘንግ ላይ የሚይዙትን ማጥበቂያ ቡሎኖች የሚፈታ ቁልፍ ያስፈልግሃል። ጭንቅላታቸው ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን ነው፤ ልኩ የሚገጥም ቁልፍ ወይም ቡሶላ ፈልግ። የሚንሸራተት ቁልፍ የቡሎኑን ጭንቅላት ይበላዋል። ከዚያ በኋላ አይፈታም፣ አይጠብቅም።

የዓይን መከላከያ መነጽር የግድ ነው። ጓንት እጅ ላይ ልክክ የሚል ይሁን፤ ሰፊ ጓንት ብረት ላይ ያዳልጣል። መሰላሉ የማይነቃነቅ ይሁን። ጠመኔ ወይም ቀለም፣ ሜትርም አትርሳ። ጠመኔውን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ለእኔ ግን ከመጠምዘዣ ብረቶቹ ቀጥሎ የምፈልገው እሱን ነው። ምክንያቱን አሁን ታየዋለህ።

ሥራውን ስትጀምር በሩ ዝግ፣ ሞተሩ የተነቀለ፣ ሐዲዱ የታሰረ መሆኑን እንደገና አረጋግጥ። ልጆችን ከክፍሉ አስወጣና በሩን ዝጋባቸው። በሞላው ርዝመት ላይ ቀጥ ያለ መስመር በጠመኔ አስምር። ርዝመቱንም ለክተህ ጻፍ። ኮኑ ዘንጉ ላይ የቆመበትን ቦታም ምልክት አድርግበት።

አቋቋምህ ሕይወትህ ነው። መሰላሉን ከኮኑ ፊት ለፊት አታቁም፤ ወደ ጎን አድርገው። ጭንቅላትህ ብረቱ ሊዞር በሚችልበት መንገድ ላይ ፈጽሞ አይሁን። ብረቱ ቢያመልጥ አየር ይምታ።

የመጀመሪያውን ብረት ከታች ባለው ቀዳዳ እስከ መጨረሻው አስገባ። አጥብቀህ ያዝ። በሌላ እጅህ ሁለቱን ማጥበቂያ ቡሎኖች ቀስ ብለህ ፍታ። ይህች ቅጽበት ናት ከባዷ። ቡሎኖቹ ሲለቁ የሞላው ጉልበት በሙሉ ወደ እጅህ ይመጣል። ብረቱ ወደ በሩ ሊገፋህ ይፈልጋል። ሳትዘጋጅ እንዳትይዝህ። እኔ ቡሎኑን ከመፍታቴ በፊት ብረቱን ትንሽ ወደ ራሴ ሳብ አደርገዋለሁ፤ ኃይሉ ሲመጣ ክንዴ ቀድሞ ይጠብቀዋል።

ከዚያ ብረቱን ከታች ወደ አንተ፣ ወደ ላይ አንሳው። ይህ በተለመደው አገጣጠም የማጥበቂያው አቅጣጫ ነው። ሩብ ዙር ሲሞላ ሁለተኛውን ብረት በሚቀጥለው ቀዳዳ አስገባ። ጫናውን ወደ እሱ አሸጋግር። የመጀመሪያውን የምታወጣው ሁለተኛው እስከ ታች መግባቱን በዓይንህ ካየህ በኋላ ብቻ ነው። ላስቸኩልህ የሚል ሰው አጠገብህ ካለ ይውጣ።

የጠመኔው መስመር እዚህ ይጠቅምሃል። በትክክለኛው አቅጣጫ እያጠበቅክ ከሆነ መስመሩ ወደ ሞላው ጥምዝምዝ አቅጣጫ ይዘነብላል፤ ሙሉ ዙር ስትሞላ ሞላውን አንድ ጊዜ ይዞረዋል። ሞላውም በርዝመት በጥቂቱ ያድጋል፤ አንድ ዙር ሲጨመር የአንድ ሽቦ ውፍረት ያህል። ካጠረ እያላላህ ነው፤ ቁም። አንዳንድ ሞላ ላይ ፋብሪካው ራሱ የቀለም መስመር ይተውበታል። እሱን በመቁጠር ሞላው አሁን ስንት ዙር እንደተጠመዘዘ ታውቃለህ። 2.13 ሜትር ለሆነ በር ወደ 7 ተኩል ካየህ፣ ልኩ ላይ ነው። ያም ሆኖ በሩ ከከበደ፣ ሞላው ደክሟል ወይም ለዚያ በር አይደለም።

ስንት ታጠብቃለህ? ሩብ ዙር፤ ከዚያ ሙከራ። ሁለት ሞላ ካለህ ለሁለቱም እኩል ሩብ ሩብ ጨምር። አንዱን ብቻ ካጠበቅክ ጫናው ወደ አንድ ሞላ ያደላል፤ እሱም ቀድሞ ይደክማል። ማጥበቂያ ቡሎኖቹን መልሰህ እሰር፤ ዘንጉን ከነኩ በኋላ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃቸዋል። ከዚያ በላይ ከሄድክ ዘንጉ ይበሳል ወይም ይጣመማል። ብረቱን የምታወጣው ሁለቱም ቡሎኖች ከጠበቁ በኋላ ነው። ሐዲዱ ላይ ያሰርከውን ፒንሳ ፍታና የወገብ ሙከራውን ድገም። እኔ በአንድ ሞላ ላይ ከአንድ ሙሉ ዙር በላይ አልጨምርም። ያን ያህል ከፈለገ ሞላው መቀየር አለበት ማለት ነው። የተለመደ ሞላ ለ10,000 ጊዜ መክፈትና መዝጋት ነው የሚሠራው። በቀን አራት ጊዜ ከተከፈተና ከተዘጋ ወደ ሰባት ዓመት ይሄዳል። የአንተ በር ስንት ዓመቱ ነው?

ይህ ሁሉ ከበሩ በላይ በዘንግ ላይ ስለተጠመጠመ ሞላ ነው። በሐዲዱ ጎን የሚለጠጥ ረጅም ሞላ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። እሱ የሚነካው በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ሞላው ላልቶ ሳለ ነው። ሞተሩን ከኤሌክትሪክ ንቀል። በሩ እንዳይወርድ ከታችኛው ሮለር በታች ሐዲዱን በፒንሳ ቆልፍ፤ ሁለቱንም ጎን። ከዚያ የካቦውን መንጠቆ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ታዛውራለህ፤ በግራና በቀኝ እኩል። በሞላው ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍ የደህንነት ካቦ መኖሩን እይ። ከሌለ ከማንኛውም ማስተካከል በፊት እሱ ይግባ። ያለሱ ሞላው ሲሰበር እንደ ጅራፍ ይወረወራል።

የማልነካቸውንም ልንገርህ። በሩ ግርጌ ላይ ካቦው የታሰረበትን ማዕዘን ቡሎን፣ ሞላው ውጥረት ላይ እያለ በፍጹም አልፈታም። ሞላዎቹን ከግድግዳ ጋር የሚያያይዘውን የመሃል ማሰሪያም እንዲሁ። እነዚህ ሁለቱ ከላላ ሞላ ይልቅ ብዙ ሰው ይጎዳሉ ብዬ እፈራለሁ፤ ተራ ቡሎን ስለሚመስሉ። ካቦው ከተበጣጠሰ፣ ኮኑ ከተሰነጠቀ፣ ማሰሪያው የተመታበት እንጨት ከበሰበሰ፣ ወይም ሞላው ቱቦ ውስጥ የተደበቀ ዓይነት ከሆነ ባለሙያ እጠራለሁ። ሁለት መኪና የሚያስገባ ከባድ የእንጨት በርም ለባለሙያ ነው። ዕቃው ሁሉ እያለኝ ጠርቼ አውቃለሁ፤ አላፈርኩበትም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርግ። ብረት ከመግዛትህ በፊት የኮኑን ቀዳዳ ስፋት በሜትር ሳይሆን በካሊፐር ለካው። ካሊፐር ከሌለህ ልኩን የምታውቀውን የመሰርሰሪያ ጫፍ፣ ሳታዞርና ሳትገፋ፣ ቀዳዳው ውስጥ አስገብተህ እየው። ልኩንና የሞላውን የቀለም መስመር ቁጥር ጻፍልኝ። ለበርህ የሚሆነውን ብረት አብረን እንመርጣለን።