እንሰት፣ ሙዝና ስማቸው፦ ጥያቄና መልስ

እሺ የአራት ኪሎ አትክልት ወዳጆች፣ ጠይቁ። ዛሬ የሙዝ ቤተሰብ ነው፤ ሙዛሴ። አስቀድሜ ግን፦ አንዱን የቆረጣችሁበትን ቢላ ሳታጸዱ ሌላውን አትንኩ።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ የእንሰት ሳይንሳዊ ስም ለምን ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም ሆነ?

መልስ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር! ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ አገራችን መጥቶ እንሰትን ከነሥዕሉ ጽፎታል። ከዚያ የዕፅዋት ተመራማሪው ግመሊን በ1791 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከሙዝ ወገን ደምሮ ሙዛ ኤንሴቴ አለው፤ የመጀመሪያው ቃል የወገኑ፣ ሁለተኛው የዝርያው ስም ነው። በ1947 ሌላው ተመራማሪ ቺዝማን እንሰት ከሙዝ የተለየ ወገን መሆኑን አሳየ። ወገኑ ኤንሴቴ ሲባል ዝርያውም ኤንሴቴ ሊሆን ነው። የዕፅዋት ስያሜ ሕግ ግን የወገንና የዝርያ ስም አንድ እንዲሆን አይፈቅድም። በእንስሳት ጎሪላ ጎሪላ ማለት ይቻላል፤ በዕፅዋት ክልክል ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ቬልቪች በ1859 አንጎላ ውስጥ ላለው ለዚሁ ተክል ያወጣው ስም ተወሰደ። ቬንትሪኮሱም ሆደ ሰፊ እንደማለት ነው፤ የግንዱን ሥር እዩት።

ከካዛንቺስ፦ ግቢዬ ያለው ኮባ (እንሰት) አበበ። ፍሬው ይበላል?

መልስ፦ አይበላም፣ እህቴ። ጠጣር ጥቁር ዘር ነው የሞላው። እንሰት ደግሞ አንዴ አብቦ ይሞታል። እንደ ሙዝ ራሱ ልጅ አያወጣም። ለማራባት ያላበበ እንሰት ፈልጊ። ግንዱ ከላይ ይቆረጥና የአምቾው (ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ክፍል) መሐል እምቡጥ ተፈልፍሎ ይወጣል። አምቾው ሲቀበር ከዙሪያው ችግኝ ይበቅላል። ቢላውን አደራ!

ከፒያሳ፦ የኮባው ቅጠል ለድፎ ይሁን እንጂ!

ከቄራ፦ አሁን በወረቀትም ይጋገራል እኮ።

ከፒያሳ፦ ያለ ኮባ ድፎ ይባላል እንዴ? ሽታው የታለ?

መልስ፦ ዳቦውን ሌላ ቀን። ቀጥሉ።

ከቄራ፦ ተክሌ ቢጫ ሆነ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ ተክል? እንሰት ነው ሙዝ? ከየት ጀመረ? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለም።

ከቄራ፦ ይቅርታ፣ እንሰት። መሐሉ ያለው ቅጠል ጠወለገ።

መልስ፦ እንዲህ በል እንጂ። የቅጠሉን ዘንግ ቁረጥና ጠብቅ። ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ከወጣ አጠውልግ ነው፤ ባክቴሪያ። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እዚሁ አገር እንሰት ላይ ያስታወቁት በሽታ ነው። ሙዝንም ይይዛል። መድኃኒት አትፈልግ፤ ከነሥሩ ነቅለህ ቅበረው። ቢላውን በእሳት አግለው ወይም በረኪና ውስጥ ንከረው። ለዚህ ነው የምደጋግመው።

ከካዛንቺስ፦ የአበባ ተክሏ ስትሬሊትዚያስ እዚሁ ቤተሰብ ናት?

መልስ፦ ድሮ ነበረች። አሁን የራሷ ቤተሰብ አላት።

ከአራት ኪሎ፦ የእንሰት ስም ለምን...

መልስ፦ ተመልሷል፣ ከላይ አንብብ።

ከአራት ኪሎ፦ አንብቤዋለሁ ጋሼ። አሮጌ መጽሐፌ ኤንሴቴ ኤዱሌ ስለሚል ነው። ሌላ ተክል ነው?

መልስ፦ ይሄማ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያው ተክል ነው። ኤዱሌ በ1862 የወጣ ስም ነው፤ ቬንትሪኮሱም በሦስት ዓመት ስለቀደመው ወደቀ። የግቢህ ተክል ላይ ስሙን ስትጽፍ ቬንትሪኮሱም በል።