ጊት ወይስ ሰብቨርዥን ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ

«ሁለታችን ዊንዶውስ፣ ሁለቱ ሊኑክስ፣ አንዱ ማክ ነው የያዝነው፤ ኮዳችንን በጊት እናድርገው በሰብቨርዥን?» ላልከው (ሁለቱም የኮድን የለውጥ ታሪክ የሚይዙ ፕሮግራሞች ናቸው)። አቦ እኔን ጠይቀኝ! ደሴ ላይ ስንጀምር ቁርጥ እናንተን ነበርን።

1. ጊት ያዙ፣ በቃ። እኛ ቀላል ነው ተብለን ሰብቨርዥን መረጥን። ቀላልስ ቀላል ነው፤ ግን ኮሚት ለማድረግ፣ ማለትም ለውጥህን ለማስመዝገብ፣ የግድ ኮዱ ያለበትን ሰርቨር ማግኘት አለብህ። ሰርቨሩ ደግሞ ፒያሳ ቢሯችን ውስጥ ነበር። መብራት ሲጠፋ ቤቱ ሆኖ የሚሠራውም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተን ጨርሰን መብራቱ የማይመጣበት ቀን ነበር። በጊት ግን ሙሉ ታሪኩ ላፕቶፕህ ላይ ነው፤ ኮሚትህን እያደረግህ ትቆያለህ፣ ኔትወርክ ሲመለስ ፑሽ አድርገህ ለጓደኞችህ ትልካለህ። መርኩሪያል የሚባለው ሌላ ፕሮግራምም እንደዚያው ይሠራል፣ ግን ኮድ ማስቀመጫው ድረ ገጽ ቢትባኬት እንኳ በ2020 እ.ኤ.አ. ትቶታል።

2. የመስመር ማብቂያ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ዊንዶውስ መስመር ሲዘጋ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ያስቀምጣል፣ ሊኑክስና ማክ አንድ ብቻ። ንቄው ኮምቦልቻ አንድ ደንበኛ ጋ የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም ልናስረክብ ወረድን። ማስጀመሪያ ስክሪፕቷን (ሲስተሙን የምታስነሳዋን የትእዛዝ ፋይል) እኔ ዊንዶውስ ላይ ነበር የጻፍኳት። ሊኑክስ ሰርቨራቸው ላይ ስናስነሳት «ባድ ኢንተርፕሪተር» ብላ ቁጭ! ስክሪፕቷን የሚያስኬደው ፕሮግራም ባሽ አለ፣ መንገዱ ትክክል ነው፣ ዓይናችን እያየ የለም ትለናለች። ለካ ያቺ የዊንዶውስ ትርፍ ምልክት ከመንገዱ ጫፍ ተለጥፋ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ በዚያ ላይ የኮምቦልቻ ሙቀት ለደሴ ሰው! የአይቲ ኃላፊያቸው ሰው ሁሉ ፊት «ቤታችሁ ሳትሞክሩት ነው እንዴ የመጣችሁ?» አለን። ሞክረነው ነበር እኮ፣ የሞከርነው ግን ሊኑክስ በያዘው ልጅ ላፕቶፕ ላይ በነበረችው በድሮዋ ኮፒ ነው። ቀሪ ክፍያችን ሁለት ወር ቆየ።

መድኃኒቱ ሁለት መስመር ነው። በመጀመሪያው ቀን ጊትአትሪቢዩትስ (.gitattributes) የሚባለውን ፋይል ፍጠርና ለሁሉም ቴክስት አውቶ (ማብቂያውን ጊት ራሱ ያስተካክል)፣ ለሼል ስክሪፕቶች ደግሞ ኤልኤፍ (የሊኑክሱ አንድ ምልክት) ብለህ ወስን። ፋይሉ ከኮዱ ጋር ለሁሉም ይደርሳል። በየላፕቶፓችሁ አስተካክሉ ብለህ ሰው አትመን። እኛ ጋ አራቱ አስተካከሉ፣ አንዱ ረሳ። የረሳው እኔ ነኝ፣ አለቃቸው።

3. የፋይል ስም ሁሉ በትንንሽ ፊደል ይሁን። ሊኑክስ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ይለያል፣ ዊንዶውስና ማክ አብዛኛውን ጊዜ አይለዩም። ዝርዝሩን ተወው፣ ብቻ እንዲህ አድርጉ።

ያ የተቆጣን ኃላፊ አምና ራሱ ደውሎ ሁለተኛ መጋዘን ጨመረልን። ለደሴ ቅርብ ከሆንክ ብቅ በል፣ ፋይሏን ከእኛ ኮፒ ታደርጋለህ።