«ብቻዬን የምሠራው መቼ ነው?» ላልከኝ ልጅ

ሰላም ልጄ። ኤሌክትሪክ ተመርቀህ ሊፍት ጥገና ልትገባ ነው አሉ። ጥሩ ሙያ ነው። «ረዳትነቱ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ብቻዬን የምሠራውስ መቼ ነው?» ስትለኝ ሥራ ያስያዙኝ ጋሼ ትዝ አሉኝ።

ሊፍት በሪሌ፣ ማለት እየተንጣጣ በሚከፈትና በሚዘጋ የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ የሚሠራበት ዘመን ነው። ፋሲካ ደርሷል። ፒያሳ አካባቢ አንድ ሕንፃ ውስጥ የአንዱ ፎቅ የበር ኮንታክት፣ በሩ መዘጋቱን ለማሽኑ የሚነግረው ማብሪያ፣ ተቃጥሎ ሊፍቱ ቆመ። መለዋወጫ የለም። የሕንፃው ኃላፊ «በሽቦ አገናኙትና ይሥራ» አለን።

ሰው የሚፈራው ሊፍቱ የተንጠለጠለበት ገመድ እንዳይበጠስ ነው። ገመዱማ መልስ አግኝቷል። አሜሪካዊው የሊፍት ሠሪ ኤሊሻ ኦቲስ እ.ኤ.አ. በ1854 ኒውዮርክ ላይ ሊፍቱ ላይ እሱ ራሱ ቆሞ ገመዱን አስቆርጦ አሳይቷል፤ የመውደቅ መከላከያው ሊፍቱን ያዘው፣ አልወደቀም። በር ግን ሌላ ነው። የየፎቁ ኮንታክቶች በተከታታይ ተያይዘዋል። አንዱ ከተከፈተ ካቢኑ፣ ሰው የሚሳፈርበት ሳጥን፣ አይነቃነቅም። ጃምፐር ስታደርግበት፣ ማለት ኮንታክቱን ዘለህ በሽቦ ስታገናኘው፣ ማሽኑ በሩ የተዘጋ ይመስለዋል፤ በሩ ክፍት ሆኖ ካቢኑ ይሄዳል። ሰው ካቢኑ በሚመላለስበት ጉድጓድ ውስጥ የሚወድቀው እንዲህ ነው።

ጋሼ እምቢ አሉ። ኃላፊው ጮኸ፣ ለመነ፣ ንቅንቅ የለም። ዋናውን ማብሪያ አጥፍተው፣ በየፎቁ «አይሠራም» የሚል ወረቀት አስለጥፈውኝ ወጣን። ውሉ ተሰረዘ። እኔ የበዓሉን ዶሮና ቅቤ እያሰላሁ መንገዱን ሙሉ አኮረፍኳቸው። እሳቸው ማኪያቶ ጋበዙኝ እንጂ አንዲት ቃል አልተናገሩም። «ልክ ነበሩ» ሳልላቸው አረፉ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አዲስ ረዳት በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ «ባዶ ካቢን ብሬኩ ቢለቀቅ ወዴት ይሄዳል?» ሁሉም «ወደ ታች» ይላል። ወደ ላይ ነው! በገመዱ ሌላ ጫፍ የተንጠለጠለው ማመዛዘኛ ክብደት የካቢኑን ክብደትና ከሙሉ ጭነቱ ግማሽ ያህሉን ይይዛላ። መብራት ጠፍቶ ሰው ውስጥ ሲቀር፣ ይህን ሳያውቅ ብሬክ የሚነካ ሰው ያስፈራኛል።

የዛሬ ልጆች ችኩል ናችሁ። የስህተት ኮዱን ስልክ ላይ ፈልጋችሁ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ልትቀይሩ ትሮጣላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በሩ መሄጃ ውስጥ የገባች ጠጠር ናት። ኢንቨርተር፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን መሣሪያ፣ ያስተማረኝ ደግሞ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ ነው፤ እሱንም መካድ አይቻልም።

ጥያቄህን አልረሳሁም። ጉድጓድ ውስጥ ብቻህን አትግባ፣ ሃያ ዓመት ብትሠራም። እኔ ስንቴ ገብቻለሁ፤ የእኔን ተወው። ቀጣሪህን ግን ከደሞዙ በፊት «ለጥገና ስንት ሰው አብሮ ይወጣል?» በለው። «አንድ ይበቃል» ካለህ ሌላ ቦታ ሞክር።